ፊልሙ የተበጠሰበት ቦታ

ልጅ ሳለሁ ሲኒማ ቤት የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የማውቀው የህንድ ፊልም ግን ከሃምሳ አያንስም። ሁሉንም ያሳየን የአባቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ደሳለኝ ነበር፤ ያሳየንም በአፉ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ከሚባለው ሰፈር ጫፍ አንዲት በረንዳ ተከራይቶ ልብስ ይሰፋ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ሲኒማ ይገባል። ለመዝናናት እንዳይመስላችሁ። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ሰኞ ጠዋት «አክተሩ የለበሰውን ሸሚዝ ስፋልኝ» እያለ ስለሚመጣ፣ ኮሌታውን፣ የኪሱን አቀማመጥ፣ የሱሪውን ስፋት ቀድሞ ማየት ነበረበት። ልብስ ሊያይ ይገባና ታሪክ ይዞ ይወጣል።

ያኔ አመሻሹ ላይ፣ የከተማው ሙቀት ትንሽ ፋታ ሲሰጥ፣ የከሰል ካውያውን ክዳን ከፍቶ በረንዳው ጠርዝ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፍሙ ከስሞ አመድ እስኪሆን ድረስ ያለው ጊዜ የእኛ ነበር። የመብራቱ ቆጣሪ የአከራዩ ስለሆነ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚበራልን ፋኖስ ነው። የተተኮሰ ጥጥ፣ የከሰል ጢስና የላምባ ሽታ ተቀላቅለው አፍንጫዬ ውስጥ ስለቀሩ፣ ዛሬም ጎረቤት ልብስ ሲተኩስ ትንሽ ካሳረረው ዘፈን ሊጀመር ነው ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ። የሰፈሩ ልጆች ስምንት አሥር ሆነን እራፊ በተሞሉ ከረጢቶች ላይ እንቀመጣለን። ጋሼ ደሳለኝ ሌሎች ሽማግሌዎች ተረት በሚጀምሩበት አባባል አይጀምርም፤ መቀሱን ባዶ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ያደርግና «ኮቱ ገበር የሌለው አንድ ሰው ነበር» ይላል። ሰውየው ድሃ መሆኑ በዚያው ይገባናል። ሰዎቹን ሁሉ የምናውቃቸው በልብሳቸው ነው። ክፉው ሰውዬ ሁልጊዜ ሐር ይለብሳል፤ እኔ ሐር የለበሰ ሰው እስከ ዛሬ አላምንም፣ ብዙ ጊዜም አልተሳሳትኩም።

ዘፈኑ ሲደርስ ድምፁን አቅጥኖ በሂንዲ ይዘፍናል፤ ወይም እኛ ሂንዲ ነው በምንለው ነገር። ከዚያ እግሩን የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አሳርፎ፣ መርፌውን ያለ ጨርቅ እያስኬደ፣ የዘፈኑን ትርጉም ይነግረናል። ስለ እነዚያ ዘፈኖች አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ፣ ሌላ የሚናገርላቸው የለምና። አንድ ከተማ ሙሉ ቃሉን የማያውቀውን ዘፈን ያንጎራጉር ነበር። የባቡር ጣቢያው ተሸካሚ ሻንጣ ተሸክሞ ያፏጨዋል፤ ጫት ሻጯ በደረቷ ትይዘዋለች። ዜማው ክር ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሊበጠስ ነው ስትሉት የማይበጠስ። ከዋሽንቱ ኋላ አንዲት ሴት ትመጣለች፤ ታለቅሳለች እንዳትሏት አታለቅስም፣ ደስ ብሏታል እንዳትሏት ደግሞ ሰው እንዲያ ሆኖ አይደሰትም። በኋላ ዘመን፣ መጽሐፍ አንብበናል የምንል ሰዎች ሳቅንባቸው። የዛፍ ዙሪያ ሩጫ ብለን አቃለልናቸው። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ፤ ከሁሉም በፊትም የጀመርኩት እኔ ነበርኩ። ወደዚያ እመጣለሁ።

ታናሽ እህቴ ስንዱ ከእኔ በአምስት ዓመት ታንስ ነበር። ምግብ የሚባል ነገር አፏ የማይገባ፣ ክንዷ እንደ መቋሚያ የቀጠነ ልጅ ነበረች። እናታችን በየአመሻሹ ዳቦና አንድ ጣሳ ሻይ አስይዛ ወደ በረንዳው ትልከናለች፤ ምክንያቱም ስንዱ ከዘፈን በፊት ብቻ ትበላ ነበር። ጋሼ ደሳለኝ ዳቦውን ሻዩ ውስጥ ነክሮ ይጠብቃል፤ ታሪኩ ዘፈን ጋ ሲቃረብ «ስንዱ፣ ዘፈን እየመጣ ነው፤ አፍሽን ክፈቺ» ይላታል። ትከፍታለች። በአንድ ፊልም ውስጥ ሰባት ስምንት ዘፈን ስለነበረ ሰባት ስምንት ጉርሻ ትጎርሳለች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይቺ ልጅ ያደገችው በህንድ ነው» ትል ነበር።

አሁን ባሕር ማዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ በምትባል ከተማ ነኝ። ስንዱ ሦስት ዓመት ሙሉ የመርሳት በሽታ ይዟት፣ በልጇ በቤዛ አፓርታማ ውስጥ፣ እኔ ነበርኩ የማስታምማት። ቤዛ ዴንቨር አንድ ሆስፒታል ውስጥ ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ የለችም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አየር ማረፊያው ላይ የሰው ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በወንበሮቹ ጀርባ ኪስ ውስጥ መጽሐፍ ሸጉጬ፣ በበረራና በበረራ መካከል እያነበብኩ ነው ያረጀሁት። ጓደኞች የሉኝም፤ አመሌን የቻለ ስላልነበረ ነው። ድሬዳዋንም አልናፍቅም፤ ሙቀቷንም ሐሜቷንም አውቀዋለሁ። የነበረችኝ ስንዱ ነች፤ እሷም ስሜን ረስታ ነበር።

መስኮታችን ወደ ምዕራብ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይዋ ገና ሳይመሽ ከተራሮቹ ጀርባ ትወርድና፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ያለው በረዶ ሰማያዊ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ስንዱ ትረበሽ ነበር፤ በሩን ትገፋለች፣ ልብሷን ታወልቃለች። ከዚህ በፊት የነበረው ክረምት ላይ መብላት አቆመች። ዶክተሯ፣ ወጣት ሴት ነች፣ ሚዛኑን አየችና ለቤዛ በዝግታ ነገረቻት፤ ክብደቷ እንዲህ እየወረደ ከሄደ ለሞት የተቃረበን ሰው ከሚያስታምመው ከሆስፒስ በቀር የሚደረግ ነገር የለም፤ ቱቦ ማስገባት ለእንደዚህ ያለ ሕመምተኛ ስቃይ ብቻ ነው። ቤዛ መኪናው ውስጥ እስክንገባ ጠበቀችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ስልሳ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለስንዱ አንድ ማንኪያ አጥሚት የሚያስውጥ ገጽ ስፈልግ ነበር።

ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። አንድ አመሻሽ ማንኪያውን ይዤ ተስፋ ቆርጬ ስቀመጥ አየችኝና «ጋሼ» አለችኝ። ጋሼ ደሳለኝን መምሰሌን አውቃለሁ፤ አገጬም ብስጭቴም የአባቴ ወገን ነው። ከቤዛ የወጥ ቤት መሳቢያ መቀስ አውጥቼ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረግኩና «ስንዱ፣ ዘፈን እየመጣ ነው፤ አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ከፈተች።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ተረትኩላት። ረስቻቸዋለሁ ያልኳቸው ፊልሞች አንድ በአንድ ከነልብሳቸው መጡልኝ። ድምፄ የተሰነጠቀ ነው፤ ዘፈኖቹን ግን በደረቴ ይዤአቸው ኖሬአለሁ፣ ሳላውቅ። በአንድ ፊልም ሰባት ማንኪያ፣ በአንዱ ዘጠኝ። የክብደቷ መውረድ ቆመ። ዶክተሯ ምን አደረጋችሁ ብላ ጠየቀች፤ ቤዛ ልትነግራት ሞከረችና በእንግሊዝኛ ሲነገር የማይረባ ነገር ሆኖ አፍራ ተወችው።

ከዚያ ታሪኩ አለቀብኝ። የቀረኝ አንድ ፊልም ብቻ ነበር፤ ሆን ብዬ ያስቀረሁት፣ ኮቱ ላይ አንድ ቁልፍ የጎደለው ሰው ፊልም። ሰውየው ሥራ ፍለጋ በባቡር ሊሄድ ነው፤ ልብስ በማጠብ የምትተዳደረው ልጅ ልትሸኘው ጣቢያ መጥታለች፤ የጎደለውን ቁልፍ በመዳፏ ይዛለች። እዚያ ዘፈን አለ። እዚያ ስደርስ ስንዱ አፏን ገጠመች። ማንኪያውን አስጠጋሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ በፍርሃት አየችኝ። በማግሥቱ ከሌላ ፊልም ጀመርኩ፤ አልሰማችኝም፣ ወደ ጣቢያው መልሺኝ የምትል ይመስል እጇን ታወናጭፋለች። ወደ ጣቢያው ስመልሳት ዘፈኑ ጋ እንደገና አፏን ትገጥማለች። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። የምትፈልገው የዘፈኑን መጨረሻ ነው ብዬ ደመደምኩ። መጨረሻውን ደግሞ አላውቀውም፤ የማላውቀውም በገዛ እጄ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በትምህርቴ ጎበዝ ስለነበርኩ ህንዳዊው የሒሳብ መምህራችን እኔንና ሦስት ልጆችን ለሽልማት ሲኒማ ወሰደን፤ ከሁለቱ ጊዜ አንዱ ያ ነው። ፊልሙ ይኸው የቁልፉ ፊልም ነበር። ጣቢያው ላይ ሴቲቱ መዝፈን ጀመረች፤ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ፊልሙ ተበጠሰ። አዳራሹ አፏጨ፣ ወንበር ተደበደበ። የተበጠሰው ተቀጥሎ መብራት ሲጠፋ ባቡሩ ሄዷል፤ ሌላ ከተማ ነው፤ ሌላ ልብስ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜም እዚያ ቦታ ላይ እንደሚበጠስ ነገረኝ፤ ድሬዳዋ ውስጥ የዚያን ዘፈን መጨረሻ የሰማ ሰው አልነበረም። ስንወጣ ዘፈኑ ምን እንደሚል መምህሩን ጠየቅኩት። ስለ ዝናብ ነው አለኝ፤ ዝናቡ ትንሽ ይቆይልኝ ትላለች።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ደሳለኝ ያንኑ ፊልም ሊነግረን መቀሱን አጮኸ። ፍሙ ገና ቀይ ነበር። ጣቢያው ጋ ደረሰ፤ ስንዱ አፏን ከፍታ ጎረሰች፤ ዘፈኑን ጀመረ። የተበጠሰበት ቦታ ላይ ሲደርስ አላቆመም። ቀጠለ። ዜማው ትንሽ ዞር ብሎ ወደማላውቀው ቦታ መሄድ ሲጀምር፣ እግሩም ፔዳሉ ላይ ሲነሣ፣ እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፤ ጋሼ ደሳለኝን አንተ እያልን ነው ያደግነው። ያን ዕለት ግን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝን ጨዋነት አውጥቼ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሂንዲ አያውቁም» አልኩት። «ዘፈኑ ስለ ዝናብ ነው። ፊልሙም እዚህ ጋ ይበጠሳል፤ አይቻለሁ። የሚነግሩን ሁሉ ከራስዎ ነው።»

መጀመሪያ አንዱ ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። አንደኛው «ውሸታሙ ልብስ ሰፊ» አለ፤ ስሙ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፣ አልጽፈውም። ስንዱ ዳቦውን አላመጠችውም፤ ጉንጯ እንዳበጠ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ ታያለች። ጋሼ ደሳለኝ እግሩን ከፔዳሉ አወረደ።

«አላውቅም ልጄ» አለ።

የካውያውን ክዳን ከደነው። ፍሙ ውስጡ እየነደደ ክዳኑ ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሰፈር ልጆች መቀሱን አላጮኸም። እኔ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ እሱ የሞተው እኔ በሌለሁበት ነው። ይቅርታ የሚባል ነገር አልጠየቅኩትም። እውነት ተናገርኩ እንጂ ምን አጠፋሁ እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ፤ እውነት የሚናገር ሰው ጥፋተኛ ነው የሚል መጽሐፍም አላገኘሁም። ስንዱ ደግሞ ስለዚያ አመሻሽ በሕይወቷ አንድ ቀን አላነሣችብኝም።

እናም በሰባ ስድስት ዓመቴ አንድ ዘፈን የሚያልቅበትን ቦታ ፍለጋ ጀመርኩ። ቤዛ ስልኳን አፌ አጠገብ ይዛ «አንቲ፣ በቃ ሃም አድርጊለት፤ ሶንጉን ራሱ ፋይንድ ያደርገዋል» አለችኝ። ሃም አደረግኩለት፤ አፌን ገጥሜ አንጎራጎርኩ። አንድ ጊዜ የሠርግ ዘፈን፣ አንድ ጊዜ የልጆች ፊልም ሙዚቃ አመጣ። ለሁለት ቀን ፈለገች። ርዕሱን አላውቅም፤ የተዋናዮቹን ስም ጋሼ ደሳለኝ ነግሮን አያውቅም፤ እኛ የምናውቀው የኮታቸውን ስፌት ነው። «አንቲ፣ ይሄ ነገር ኤግዚስት አያደርግም» አለችኝ በመጨረሻ፤ ጭራሽ የለም ማለቷ ነው። በዚያ ሳምንት ስንዱ ከውኃ በቀር ምንም አልዋጠችም።

ኦሮራ ውስጥ እኛም ኮረሪማ ስናጣ የምንሄድበት አንድ የህንድ ቅመም ሱቅ አለ። በሩ አጠገብ የባለሱቁ እናት፣ ነጠላ የመሰለ ልብሷ ላይ ወፍራም ሹራብ ደርባ፣ ማሞቂያው ሥር ትቀመጣለች። ከእኔ ትበልጣለች። ዓመታት ሙሉ ሰላምታ ሰጥቻት አላውቅም። ከቤዛ ጋር ሄጄ ፊቷ ቆምኩና፣ ሰው ዕቃ እየገዛ ሳለ፣ ዘፈንኩላት። ያበድኩ መስሏቸው ልጇ ከሒሳብ መክፈያው ተነሣ። እሷ እጇን አንሥታ አስቆመችው። እስከሚበጠስበት ቦታ ዘፍኜ አቆምኩ።

እሷ ቀጠለችው። የስልሳ አራት ዓመት ክፍተት፣ ከሩዝ ከረጢቶች መካከል፣ ቀጭን ድምፅ መጥቶ ሞላው። ስትጨርስ ዓይኗ ረጥቦ ነበር፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይህን ዘፈን ልጆቿ እንኳ እንደማያውቁት፣ የመጨረሻ የሰማችው ሙሽራ ሳለች እንደሆነ ነገረችኝ። የት ሰማሽው አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነው ያስተማረኝ አልኳት። ቤዛ እንደገና አዘፍናት ስልኳ ላይ ቀዳችው። ስንመለስ ቤዛ ከሚገባው በላይ ፈጥና ትነዳ ነበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ጣቢያው ጋ ስደርስ ስልኩን ከፈትኩት። እውነተኛው ዘፈን፣ ሙሉው፣ ሳይበጠስ። ስንዱ እስከ እኩሌታው ሰማች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደገምኩት። ስልኩን በእጇ መታችና ከአልጋው ወደቀ። ቤዛ ወጥታ በሩን ዘጋች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ እውነቱ በእጄ ገብቶ ምንም ያልጠቀመኝ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑን አሰብኩ።

በማግሥቱ ምንም ስላልቀረኝ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፀሐይዋ ወርዳለች፣ መብራት አላበራሁም። መቀሱን አጮኽኩ፣ ቁልፍ የጎደለውን ኮት አለበስኩት፣ ጣቢያው ወሰድኩት። ዘፈኑን እስከ መበጠሻው ዘፈንኩ። ከዚያ ወዲያ ከራሴ ልፈጥር፣ አንድ ውሸት ልናገር፣ አየር ሳብኩ። ስንዱ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አፌ ላይ አደረገችው።

«አንቺ ዝም በይ» አለችኝ። «ገና አላለቀም።»

ሦስት ዓመት ምንም ሳትለኝ፣ በኋላም ጋሼ ስትለኝ ኖራ፣ ያኔ አወቀችኝ። ዓይኗ የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ነበር፤ ከእኔ አጠገቤ ወዳለው ባዶ ወንበር፣ ከባዶው ወንበር ወደ እኔ። ያን ሁሉ ቀን ስትነክስ የነበረው የራሷን ከንፈር ነው፣ ልትዘጋ የፈለገችው ግን የኔን አፍ ነበር። እጇ ጨርቅ ያህል አይከብድም፤ እኔ ግን መተንፈስ ራሱ ፈራሁ። ከዚያ እሷ ከተበጠሰበት ቀጠለች። የህንዷ ሴትዮ የዘፈነችው አልነበረም። ዜማው ዞር ብሎ ሄደ፤ ወደ እኛ አገር እንጉርጉሮ፣ ሐዘንተኛ ሴቶች ከለቅሶ ሲመለሱ በመንገድ ላይ በአፍንጫቸው ወደሚይዙት ነገር፤ ከዚያ ተመልሶ መጣና የመጀመሪያው ክር ላይ ሳይታወቅ ተሰፋ። የብርድ ልብሱ ጫፍ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ እግሯ ፔዳል ታስኬድ ነበር። እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። ስለዚህ ጋሼ ደሳለኝ ጨርሶላታል ማለት ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ፣ በሆነ አመሻሽ፣ ለእሷ ብቻ ጨርሶላታል፤ እሷም ከእኔ ደብቃ ይህን ሁሉ ዓመት ይዛዋለች።

ስልኩ ሌላው ክፍል ነበር። ተነሥቼ ላመጣው እችል ነበር፤ እጇ አፌ ላይ ስለነበረ አልተነሣሁም።

አጥሚቱን አስጠጋሁላት። አልከፈተችም። ዘፈኑ አልቋላ፤ የሚመጣ ሌላ ዘፈን የለም። ከዚያ ወዲያ አፏን ለምግብ አልከፈተችም፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። የመጣው ሰው ሁሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑም የቤዛ ሥራ ቦታውም፣ አረፈች፣ ተገላገለች አለ። እኔ የምገላገለው ነገር አልታየኝም።

ዜማውን ይዤው ልቀር ሞከርኩ። በየቀኑ ሸሸኝ፤ የህንዷ ሴትዮ ዘፈን በላዩ እየተደረበ፣ አሁን የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም። ቤዛ በቀደም ስልኳን ከፍታ «አንቲ፣ እማዬ የዘፈነችውን ሪኮርድ ላድርገው፤ ቢያንስ አንቺ የምታስታውሺውን» አለችኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጣቢያውን ዘፈንኩ፣ ልጅቱን፣ ቁልፉን። ቤዛ ስልኩን ይዛ ጠበቀች። ፊልሙ የሚበጠስበት ቦታ ስደርስ፣ ያኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ አፌን ዘጋሁ።